የጋሽ ልየው የካምቢዮ ደቦ

የእድራችን ለፋፊ በማለዳ ድምፅ ማጉያውን ይዞ «ጋሽ ልየው» ብሎ ሲጀምር እኔ ስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ነበር። እግሬን ከመርገጫው ሳላነሣ «ዛሬ ደግሞ ምናቸውን ሊያሠሩን ነው?» አልኩ ለራሴ። ለፋፊው ቀጠለና ቀብራቸው ከሰዓት በኋላ መሆኑን፣ ማንም እንዳይቀር ተናገረ። የያዝኩት ቀሚስ ከእጄ ወደቀ። ሰውዬው ሞተው እንኳ እኔ ያሰብኩት ለሥራ ጠሩን ብዬ ነው። ግን አትፍረዱብኝ፤ በእኛ ሰፈር፣ በፍኖተ ሰላም፣ ያን ስም በድምፅ ማጉያ ሰምቶ አካፋውን ያላሰበ ሰው አልነበረም።

ጋሽ ልየው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የቡሬ መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ነበሩ። እሳቸው ጡረታ ወጡ እንጂ ድምፃቸው አልወጣም። የባለቤታቸውን የእትዬ ዘመናይን ስም ከጓሮ ሲጠሩ መንገደኛው ሁሉ ዞር ይላል። ረጅም ናቸው፤ ሲናገሩ ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው መዳፋቸውን ወደ ታች ይጫኑታል፣ ልክ ተሳፋሪ ሁሉ ይቀመጥ እንደሚሉ። ግቢያችንን የሚለየው አንድ አጥር ስለሆነ ያን መዳፍ ሳላየው የዋልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

አንድ እምነት ነበራቸው። ገበሬው ለአጨዳና ለውቂያ የሚጠራውን ደቦ እሳቸው ከተማ ድረስ አምጥተውት ነበር። አጥር ቢዘም ደቦ፣ ቦይ ቢደፈን ደቦ፣ ቁም ሣጥን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ቢዛወር ደቦ። እትዬ ዘመናይ ጠላውን ይጠምቃሉ፣ ንፍሮውን ይቀቅላሉ፤ እኛም እንሄዳለን። «ብቻውን የሚሠራ ሰው ሲሳሳት የሚነግረው የለ፣ ሲሳካለት የሚመሰክርለት የለ፤ ታዲያ ምኑን ሠራው?» ይሉ ነበር። ሁለተኛው ሕጋቸው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ እቤታቸው መጥቶ እጁን ሳያሳርፍ የሚሄድ የለም። ለሰላምታ ጎራ ያለ የቀበሌ ሰው እንኳ ሚስማር ይዞ ሲቆም አይቻለሁ።

የግቢያቸውን የቆርቆሮ በር የቀባነው በደቦ ነው። ሁሉም ሰው ትንሽ ትንሽ እንዲቀባ ስለተፈለገ የእያንዳንዳችን እጅ እስከ ዛሬ ይለያል። ከታች በስተግራ ያለው ቅጥ ያጣ የእኔ ነው። ዲሹንም የተከልነው በደቦ ነው። አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ሲያዞረው ውሎ በመጨረሻ የያዘልን የግመል እሽቅድምድም የሚያሳይ ጣቢያ ብቻ ነው። ዲሹን እንደገና ለመንካት ሌላ ደቦ መጠራት ነበረበት፣ ያውም ከጠላው መድረስ በኋላ። እትዬ ዘመናይ እስከዚያ ግመል ሲሮጥ እያዩ ከረሙ። በኋላ ላይ የየትኛው ግመል ባለቤት ማን እንደሆነ ሳይቀር ለይተው ነበር።

እንግዲህ መኪናዋ የመጣችው እዚህ ቤት ነው። ባሕር ዳር የምትኖረው ልጃቸው ሌላ መኪና ስትገዛ አሮጌዋን ለአባቷ ላከችላቸው። ከፍ ያለች፣ ሰፊ፣ ናፍጣ የምትጠጣ፣ የገጠር መንገድ የማትፈራ መኪና ናት። ችግሩ ካምቢዮዋ አውቶማቲክ መሆኑ ነው። ጋሽ ልየው በጉብዝናቸው መንጃ ፈቃድ ያወጡት ማርሽ በእጅ በሚቀየርበት መኪና ነው። ግራ እግራቸው የለመደውን ፍሪሲዮን ሲፈልግ የሚያገኘው ፍሬኑን ነበር። የመጀመሪያ ቀን የነፍስ አባታቸውን አሳፍረው ገና ከበር ሲወጡ ፍሬኑን ቢረግጡት ቄሱ ከነጥምጣማቸው መስታወቱን ሳሙት። ከዚያ በኋላ ጋሽ ልየው ግራ እግራቸውን አጥፈው ከሥራቸው ቀብረው፣ መደብ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ሆነው መንዳት ጀመሩ። ሲወርዱ እግሩ ስለሚደነዝዝ ትንሽ ያነክሳሉ። «ዘመናይ ማርሽ ነው፣ አንድ እግር ይበቃዋል» ይሉ ነበር ለጠየቃቸው።

መኪናዋን እንደዚያ የፈለጓት ለአንድ ጉዳይ ነው። እትዬ ዘመናይ የተወለዱት ከቡሬ ወዲያ፣ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ በኩል ካለች የገጠር ደብር ነው። ኪዳነ ምሕረት ናት። ልጃቸውን በምጥ ሲጨነቁ ጥላ ተስለውላት ነበር። ልጅቱ አድጋ፣ ተምራ፣ መኪና ለዋጭ ሆና ስለቱ ግን አልደረሰም። መጀመሪያ ዛሬ ነገ ሲባል፣ በኋላ ደግሞ ጉልበታቸው እምቢ አለ። አውቶቡስ ከሚያወርድበት እስከ ደብሩ ያለውን አቀበት በዚያ ጉልበት ማን ይወጣዋል? ጥላው ተገዝቶ፣ ዘርፉን እኔው ሰፍቼለት፣ ላስቲክ እንደለበሰ ከበሩ ኋላ ቆሞ ከረመ። እትዬ ዘመናይ ባለፉ ባገደሙ ቁጥር ይሳለሙታል። ጋሽ ልየው መኪናዋን ሲያገኙ ቃል ገቡ፤ የዘንድሮን የየካቲት ኪዳነ ምሕረት ጥላውም ዘመናይም እዚያው ይውላሉ አሉ። እትዬ ዘመናይ ቀሚሳቸውን እንዳሳጥርላቸው አመጡልኝ።

በዓሉ ሲቃረብ መኪናዋ አመል አወጣች። ማርሿ ወደ መሄጃው ሲገባ ጓ ትላለች። አቀበት ላይ ሞተሩ ይጮኻል፣ እሷ ግን ንቅንቅ የለም። ታደለ የሚባል የቡሬ ልጅ፣ እኛ ሰፈር ጋራዥ የሚሠራ ጎበዝ መካኒክ፣ መጣና ረጅሙን የዘይት መለኪያ መዘዝ አድርጎ ከእኔ በተቀበለው ነጭ ቁራጭ ጨርቅ ጠረገው። ጨርቁ ላይ የቀረው ጥቁር ቡና ዓይነት ነው፤ አረረ አረረ ይሸታል።

«ጋሼ፣ ይኼ ቀይ መሆን ነበረበት» አለ ታደለ። «ዘይቱና ፊልትሮው ካልተቀየረ እንኳን ሽንዲ ቡሬም አታደርስዎት። ጋራዥ ያስገቧት።»

«መኪናዬን ለአንድ ሰው አልሰጥም። እዚሁ ግቢዬ ውስጥ በደቦ ይሠራል።»

«ጋሼ፣ የአንድ ሰው ሥራ እኮ ነው። ከሥሯ የሚበቃው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«ሌላው ከላይ ይሆናል» አሉና መዳፋቸውን ወደ ታች ተጫኑት።

የደቦው ዕለት ግቢው ሞላ። ባለ ወፍጮው፣ ባጃጅ የሚነዳው አስማረ፣ የነፍስ አባታቸው፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ መጣ። ታደለ ክሪክ ሲያወጣ ሰዎቹ ቅር አላቸው፤ እኛ እያለን ብረት ያነሣታል ወይ ብለው መኪናዋን ሊሸከሟት አሰቡ። ታደለ እምቢ አለ። ድልዳሉን መሬት መርጦ፣ ከጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ሸጉጦ፣ በክሪክ ካነሣት በኋላ ጉማጅ እንጨት ደግፎ ገባ። የማፍሰሻውን ቡሎን ሲፈታ ጥቁሩ ዘይት እትዬ ዘመናይ ሊጥ በሚያቦኩበት ሳፋ ላይ ወረደ። ሳፋውን ማን እንዳቀረበው እስከ ዛሬ አልታወቀም። እትዬ ዘመናይ ከበርጩማቸው ሆነው አዩት። ስለ ጥላው ሲሉ ያን ቀን ብዙ ዝም ብለዋል።

ከዚያ ዘይቱ የሚቀመጥበት ድስት መሳይ ነገር፣ እነሱ ኮፓ የሚሉት፣ ይወርድ ጀመር። ዙሪያውን የያዙትን ትንንሽ ቡሎኖች ታደለ አንድ አንድ እያለ ሲያወጣ ጋሽ ልየው ለአንድ አንድ ሰው ያድሏቸዋል። «ያዝ፣ አደራ» ይላሉ። ሁሉም ቡሎኑን በጭብጡ ይዞ ቆመ፤ ቁርባን የተቀበለ ነው የሚመስለው። ኮፓው ውስጥ ያለውን ማግኔት፣ ላዩ ላይ ደቃቅ የብረት ብናኝ እንደ ጢም በቅሎበት፣ እየተቀባበልን አየነው። በናፍጣ ታጠበ። አዲሱ ፊልትሮ ገባ። ኮፓው ሲመለስ ቡሎኖቹ በየተራ ከየባለአደራው ተጠሩ፤ አንዱ ጎደለ። ባለ ወፍጮው እህል ሊፈጭለት የመጣ ሰው ጠርቶት ቡሎኑን በኪሱ ይዞ ሄዷል። ተላከበት፣ ዱቄት ለብሶ ተመለሰ፣ አስረከበ። ታደለ እንኳ ሳይወድ ሳቀ። እውነቱን ለመናገር በዚያ ደቦ አንድ ዕቃ አልጠፋም።

ጉዱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ታደለ የወጣውን አሮጌ ዘይት ጀሪካን ውስጥ ለክቶ፣ ያንኑ ያህል አዲስ ዘይት ለይቶ እንዳዘጋጀ ስልኩ ጠራ። ደምበጫ ያሉ አጎቱ ዐርፈዋል። ለቅሶ የተጠራን ሰው ማን ይይዘዋል? ልጁ እጁን እየታጠበ ለጋሽ ልየው ነገራቸው። «ይኼን የለየሁትን ብቻ ይጨምሩ። ሞተሩ እየሠራ መለኪያውን እያወጡ ይዩ። ከላይኛው መስመር እንዳያሳልፉ፣ አደራ። ሲያንስ እንደሚጎዳት ሁሉ ሲበዛም ይጎዳታል።» እሺ አሉ። አስማረን አስከትለው እስከ በር ሸኙት።

አንድ የውኃ ፕላስቲክ አንገቱ ተቆርጦ፣ ተገልብጦ፣ የመለኪያው መክተቻ ላይ ተሰካ። ቄሱ ባርከው ጀመሩ። ዘይቱ በሻይ ብርጭቆ እየተቀዳ ይገባል። ሞተሩ ይሠራል፣ አስማረ መለኪያውን እያወጣ ያነባል። ታደለ የለየው ዘይት አለቀ፤ መለኪያውም ልክ መስመሩ ላይ ቆመ። እዚያ ላይ ብናበቃ ኖሮ ይኼ ሁሉ ወሬ አይኖርም ነበር።

ግን ገና ያልቀዱ ሰዎች ነበሩ። እጃቸውን አንጠልጥለው ቆመዋል። አንዱ ቡሎን ይዘሃል ቢባል መያዝ ሥራ አይደለም አለ። ጋሽ ልየው ሰዉን አዩ፣ ከግድግዳው ሥር የቆመውን ትርፍ የዘይት ጀሪካን አዩ። ለደቦ የሚገዛ ነገር መትረፍ አለበት ብለው አብዝተው ነው የገዙት።

«ጋሼ፣ ታደለ መስመሩን እንዳታሳልፉ ብሏል እኮ» አልኳቸው።

«መስመሩ የታደለ ነው። ሰዉ ግን የእኔ ነው» አሉና ብርጭቆውን ለቀጣዩ ሰው አቀበሉት።

ያላፈሰሰ አልቀረም። እትዬ ዘመናይ ሳይቀሩ ተደግፈው መጥተው አፈሰሱ። ተራዬ ሲደርስ እኔም ብርጭቆዬን ሞላሁ፤ ቀይ፣ ጥርት ያለ ነገር ነው፣ ደስ ይላል። ከዚያ ጠላው ወረደ፣ ተመራርቀን ተለያየን።

የኪዳነ ምሕረት ዕለት ገና ጎህ ሲቀድ ተነሣን። ጋሽ ልየው ግራ እግራቸውን ቀብረው መሪውን ያዙ። ከጎናቸው እትዬ ዘመናይ ጥላውን ታቅፈው ተቀመጡ፤ ከኋላ እኔ፣ ቄሱና አስማረ ሆንን። መኪናዋ እስከ ቡሬ እንደ ቅቤ ሄደች። ቡሬ ስንደርስ ጋሽ ልየው በድሮ መናኸሪያቸው ፊት ቀስ ብለው፣ ጡሩምባ እየነፉ፣ መዳፋቸውን በመስኮት አውጥተው አለፉ። አንድም የሚያውቃቸው ሰው አልነበረም፤ እሳቸው ግን ሁሉንም ሰላም አሉ።

አስፋልቱን ለቀን ጠጠሩን ስንይዝ የማረር ሽታ መጣ። ቄሱ ዕጣን ነው አሉ። ቀጥሎ ከሥራችን ጭስ ወጣ። የደብሩ አቀበት ላይ ስንደርስ ሞተሩ አጓራ፣ መኪናዋ ቆመች። አስማረ ወርዶ ከሥር አየና «ጋሼ፣ አረፋ እየደፈቀች ነው» አለ። ወደ ኋላ ብናይ የመጣንበት አቧራ ላይ ቀይ ጠብታ ተከትሎናል።

ከማዶ ከበሮው ይሰማል። ታቦቱ ሊወጣ ነው ማለት ነው። እትዬ ዘመናይ ጥላውን አጥብቀው ያዙና ፊታቸውን ወደ ባላቸው አዞሩ። «ልየው፣ እንደ ዲሹ እንዳታደርገኝ» አሉ። ድምፃቸው ቀጥ ያለ ነበር፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሯል። የጋሽ ልየው መዳፍ ተነሣ፣ የሚጭነው ነገር አጣና ተመልሶ ጉልበታቸው ላይ ወረደ። አንጀቴን በሉኝ።

አስማረ ስልክ የሚሠራበት ጉብታ ላይ ወጥቶ ደወለና ታደለን ከነለቅሶው አገኘው። ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሁላችን አሰማን።

«ስንት ጨመራችሁ?» አለ ታደለ።

«ሁላችንም ጨምረናል» አሉ ጋሽ ልየው።

«ጋሼ፣ ስንት ሊትር ነው የምልዎት።»

«ሊትሩን አላውቅም። ሰዎቹን ነው የማውቃቸው።»

«ስንት ሰዎች ናቸው?»

«ስንት ናቸው አልኩህ? እነማን እንደሆኑ ነው የማውቀው።»

ታደለ ቀስ ብሎ እንዲህ አለ፤ «እንግዲያው ዘይቱ በረድ ሲል፣ አስማረ የማፍሰሻውን ቡሎን ሳይፈታ ላላ ያድርገው። እኔ ከለየሁት በኋላ የቀዳውን ሰው ሁሉ እየጠሩ በዚያው ዓይነት ብርጭቆ ያውጡ። ማንንም እንዳይረሱ። ማንንም እንዳይጨምሩ።»

ዘይቱ እስኪበርድ ስንጠብቅ ከኋላችን ገበሬዎች ዱላ ይዘው እየሮጡ መጡ። ቀዩን ጠብታ ተከትለው ነው። ከፊት ያሉት ሽማግሌ «ማንን ገጭታችሁ ነው ጭናችሁ የምትሮጡት?» አሉን። ማንንም አልገጨንም ብንል አላመኑም፤ መኪናውን ዞረው ፈተሹ። በመጨረሻ ጠብታውን በጣታቸው ነክተው አሸተቱት። ጋሽ ልየው ነገሩን ከዲሹ ጀምረው አስረዷቸው። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው ሰሙና ዱላቸውን ለአንዱ አቀበሉ። «ታዲያ ያፈሰሱት ሰዎች እዚህ ከሌሉ ማን ያውጣላቸው?» አሉና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

ከስንቃችን መሃል የሻይ ብርጭቆ ወጣ፤ አስማረ ከሥር ገብቶ ቡሎኑን አላላው። ዘይቱ እንደ ክር ወረደ። ጋሽ ልየው ዓይናቸውን ጨፍነው ጀመሩ። «የባለ ወፍጮው፤ ጢም አድርጎ ነው የቀዳው» ሲሉ አንዱ ገበሬ ብርጭቆውን ጢም አድርጎ ያወጣና ባዶ ጀሪካን ውስጥ ይገለብጠዋል። «የዚያች የጎረቤቴ፤ እሷ ጎደል አድርጋ ነው፣ ፈርታ» ሲሉ ሌላው ጎደል አድርጎ ያወጣል። አልፈራሁም ልል አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ማን የት ቆሞ እንደነበር፣ ማን ከማን ቀጥሎ እንደቀዳ፣ ማን እጁ ላይ እንዳፈሰሰ ሁሉንም ያውቁታል። ቀስ እያለ ግራ ገባኝ፤ እኚህ ሰውዬ በሕይወታቸው የረዳቸውን ሰው ሁሉ እንዲህ ያስታውሳሉ ወይ ብዬ። ሊትር የማያውቁት ጋሽ ልየው የሰው እጅ አይረሱም ነበር።

«ይኼ የዘመናይ ነው። የመጨረሻው ነው፣ ዝጋው» አሉ።

«የእርስዎስ ጋሼ?» አልኳቸው።

«እኔ አልቀዳሁም። ለሰው ሳዳርስ አለቀ።»

መኪናዋ ተነሣች። አስማረ መለኪያውን መዘዘው፤ ዘይቱ መስመሩ ላይ ነው። ገበሬዎቹ አቀበቱን ለማንኛውም ብለው ከኋላ ገፉን፤ መገፋት አላስፈለጋትም፣ ግን እጃቸውን ሳያሳርፉ እንዳይሄዱ ጋሽ ልየው ፈቀዱላቸው። ደብሩ ስንደርስ ታቦቱ ወጥቶ ዋርካው ሥር ቆሟል። እትዬ ዘመናይ ላስቲኩን ራሳቸው ቀደዱት። ያ ሁሉ ዓመት ከበር ኋላ የቆመው ጥላ ዲያቆኑ እጅ ገብቶ ሲዘረጋ፣ የሰፋሁት ዘርፍ ሲወዛወዝ፣ እትዬ ዘመናይ እልል ሊሉ አስበው አቃታቸው፤ አለቀሱ። ጋሽ ልየው ደንዝዞ የቆየ እግራቸውን እየጎተቱ ተጠጓቸው።

«አየሽ ዘመናይ፣ በደቦ ደረስን።»

«በደቦም ነው የቆምነው» አሉ እትዬ ዘመናይ፣ እንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ይወስዷቸው ነበር። ዘይቱን ግን ታደለ ለብቻው፣ በጋራዡ፣ በሩን ዘግቶ ነው የሚቀይረው።

እንግዲህ ያን ለፋፊው የጠራን ቀን ቀብር ወጣን። አፈር የማልበሱ ሥራ ሲጀመር እድሩ የመደበው ሰው አካፋውን ለመያዝ ጊዜ አልነበረውም። ሁሉም ይቀማዋል። ባለ ወፍጮው ዱቄቱን ሳያራግፍ መጥቶ ጨመረ። አስማረ ጨመረ። ያ ዱላ ይዘው የሮጡብን ሽማግሌ ከሽንዲ መንገድ ድረስ መጥተው ኖሯል፤ እሳቸውም ጨመሩ። ጉድጓዱ ሞላ፣ ከመሬት በላይ ሆነ፣ ጉብ አለ። የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ በቃ፣ ልኩን አልፏል ቢል ማን ሊሰማው። ታደለ ራሱ፣ ስለ መስመር ያን ያህል የለመነን ልጅ፣ አካፋውን ለሁለተኛ ጊዜ ሲቀማ በዓይኔ አየሁት።

እትዬ ዘመናይ ጉልበታቸው ስለማያቆማቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያያሉ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሰው ሁሉ ሊያጽናናቸው ተጠጋ። እኔ ግን ከጎናቸው ስለነበርኩ የሚሉት ተሰማኝ።

«ዛሬም ከመስመሩ አሳለፉት» አሉኝ። እየሳቁ ነበር። ከዚያ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ተቀየረና እጄን ያዙኝ።

«ደግፊኝ እስቲ» አሉ፤ «እኔ ገና አልጨመርኩም።»

ደግፌ አነሣኋቸው፤ ሰዉም መንገድ ለቀቀልን።